አንቶኒዮ ኢኖኪ፦ ከትግል መድረክ እስከ ባግዳድ

የፕሮፌሽናል ትግል አሸናፊ አስቀድሞ በስምምነት እንደሚወሰን የስፖርቱ አድናቂዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2022 በ79 ዓመታቸው ያረፉትን ጃፓናዊ አንቶኒዮ ኢኖኪን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ወገኖች፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅን ጨምሮ፣ ውጤታቸው አስቀድሞ ያልታወቀ ሁለት ፍልሚያዎቻቸውን ያስታውሳሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1976 በቶኪዮ ከቦክሰኛው መሐመድ አሊ ጋር ያደረጉት ነው። ኢኖኪ ከአሊ ቡጢ ለመራቅ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባቸው ተኝተው እግሩን ሲመቱ ቆዩ። 15ቱ ዙር በአቻ ውጤት ተጠናቀቀ፤ ተመልካቹ ቢያጉረመርምም የአሊ እግሮች ክፉኛ ተጎድተው ነበር።

ሁለተኛው ከስፖርት ውጪ ነው። ኢራቅ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1990 ኩዌትን ስትወር ጃፓናውያንን ጨምሮ በርካታ የውጭ ዜጎችን አገተች። ከአንድ ዓመት በፊት የጃፓን ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነው የተመረጡት ኢኖኪ፣ መንግሥታቸው ውጥኑን ሳይደግፈው፣ የታጋቾችን ሚስቶች አስከትለው ባግዳድ ገቡ። በዲሴምበር መጀመሪያም በከተማዋ የስፖርትና የሙዚቃ የሰላም ፌስቲቫል አካሄዱ። ከዚያም ጃፓናውያን ታጋቾች ተለቀቁ፤ ኢራቅ በዚያው ሳምንት የሌሎች አገሮችን ታጋቾችም እንደምትለቅ አስታወቀች። ውሳኔው የኢኖኪ ጥረት ውጤት ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ቤተሰቦቹ በተጨነቁበት ሰዓት አብረዋቸው የተጓዙ የምክር ቤት አባል መሆናቸው አይካድም።

አድናቂዎቻቸው በኢኖኪ እጅ በጥፊ ለመመታት ይሰለፉ ነበር፤ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ቢመስልም፣ ጥፊው የመንፈስ ብርታት እንደሚሰጥ ይነገርለታል። በአሚሎይዶሲስ በሽታ ከተያዙ በኋላም ኢኖኪ ከስተው በአልጋ ላይ ሳሉ የተቀረጹ ምስሎቻቸውን ለእነዚሁ አድናቂዎች በዩቲዩብ ያቀርቡ ነበር።