ቦታውን የሳተ ክሮሞዞም

የደም ነቀርሳ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «በዘር የሚወረስ ነው ወይስ የሚጋባ?» ብሎ ነው። እኔም ለዚህ መልስ ስፈልግ ካነበብሁት ሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ በአፍሪካ ሕፃናት ላይ የሚታየው የቡርኪት ሊምፎማ ስለ ሆነ፥ በአጭሩ ለአንባብያን አቀርበዋለሁ። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ዴኒስ ቡርኪት የተባሉ አየርላንዳዊ ሐኪም በካምፓላ፥ በሙላጎ ሆስፒታል ሲሠሩ መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት አይተው በ1958 ስለ በሽታው ጽሑፍ አሳተሙ። ምስጢሩ ግን የተገለጠው ከ1972 እስከ 1982 ድረስ ሊቃውንት ክሮሞዞሞችን ከመረመሩ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ። በ8ኛው ላይ ሚክ የሚባል ጂን ተቀምጦ ሴሉ እንዲባዛ ያዛል፤ ሲበቃም ዝም ይላል። በ14ኛው ላይ ደግሞ በሽታን የሚከላከለው አንቲቦዲ የሚሠራበት ጂን አለ። ቢ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሴል ለየበሽታው የሚስማማ አንቲቦዲ ለማዘጋጀት የገዛ ጂኑን ይቈርጣል፥ መልሶም ይቀጥላል። እንዲህ የሚደፍሩ ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ቅጥያው ይሳሳትና የ8ኛው ጫፍ ከ14ኛው፥ የ14ኛውም ከ8ኛው ጋር ይጋጠማል።

የትምህርት ቤታችንን ደወል ገመድ ቀንና ሌሊት በሚሽከረከር የወፍጮ መዘውር ላይ ብናስረው ደወሉ ሳይሰበር ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ሚክም ዘወትር ከሚሠራው ከአንቲቦዲው ጂን አጠገብ ሲውል «ተባዛ» ማለቱን አያቆምም። ፎሊኩላር በሚባለው ሊምፎማ ግን 14ኛው የሚለዋወጠው ከ18ኛው ጋር ነው፤ በዚያም ቢሲኤል-2 የተባለው ጂን ሴሉን «አትሙት» ይለዋል።

በአፍሪካ ወባና በ1964 የተገኘው የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ለቡርኪት ሊምፎማ መንገድ ይጠርጋሉ። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፥ በአብዛኛው ሰው ውስጥም ያለ ጉዳት ይኖራል፤ ነቀርሳው ግን አይጋባም። የክሮሞዞሙ መለዋወጥም የሚደርሰው በልጁ ደም በአንዲት ሴል ላይ እንጂ ከእናትና ከአባት የሚወረስ አይደለም። ስለዚህ ወላጆች ራሳቸውን የሚወቅሱበት ምክንያት የለም።

ሕክምናም አለው። ሴሎቹ በጣም ስለሚፈጥኑ መድኃኒቱ ቶሎ ያገኛቸዋል፤ ቡርኪትም በ1960ዎቹ በመድኃኒት የዳኑ ሕፃናትን አይተዋል። ነገር ግን እብጠቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፥ «ጥርሱን ነው» ተብሎ ሳምንት የቈየ ልጅ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብዙ እጥፍ ካበጠ በኋላ ነው።