የቤቱን ዋጋ ማን ይከፍላል? የተመጣጣኝ መኖሪያ ቤት ዕቅድና የገንዘብ ምንጭ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በኢትዮጵያ ስለ ተመጣጣኝ ዋጋ መኖሪያ ቤት የሚጻፈው አብዛኛው ጥናት መነሻውም መድረሻውም አዲስ አበባ ነው። ዕጣው፣ የቁጠባ ሒሳቡና ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ የጉዳዩ ሁሉ መልክ ሆነው ይቀርባሉ። ከዋና ከተማዪቱ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አምቦ ግን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 48,171 ነዋሪዎች የተመዘገቡባት የዞን ከተማ ናት። ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶና ባኮ ደግሞ ከእርሷም ያነሱ ናቸው። እነዚህ ከተሞች ለቤት ግንባታ የሚያወጡት የተጠራቀመ ገንዘብ የላቸውም፤ በእጃቸው ያለው ቦታ የመሸንሸንና የመመደብ ሥልጣን ነው። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ የተመጣጣኝ ቤት ድጎማ በዋናነት የሚሰጠው በመሬት መልክ ነው። መሬቱ በከተማው መዝገብ ላይ ዋጋ የሌለው ይመስላል፤ ወጪው ግን አለ፣ የሚከፍለውም ሰው አለ።

ሥልጣኑ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ የመኖሪያ ቦታውንም በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። የቀበሌ ቤት ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እስከ ዛሬ መጠለያ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለጣሪያ መጠገኛ እንኳ የሚበቃ ባለመሆኑ አዲስ ቤት የሚወልድ ምንጭ ሊሆን አልቻለም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም የተነሣው ይህን ክፍተት በአንድ ጊዜ ለመዝጋት ነበር። የመጀመሪያው ግብ 400,000 ቤቶችን መገንባት ሲሆን እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 171,000 ያህል ተሠርተዋል። የገንዘቡ አካሄድ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነበር። የአዲስ አበባ አስተዳደር ወይም ክልሉ ቦንድ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፤ በዚያ ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ባለ ዕጣው 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን ከዚያው ባንክ ይበደራል። ቦታው በነፃ ይቀርባል፤ መሠረተ ልማቱም በቤቱ ዋጋ ውስጥ አይታሰብም። በመሬት ወለል ላይ ያሉት ሱቆች በጨረታ ተሽጠው ትርፋቸው የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ያግዛል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው ቀለበት ነው። የሱቅ ጨረታ ድጎማ የሚሆነው ነጋዴ በሚሻማበት ቦታ ነው። ዋናው ገበያ በአንድ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ በተሰለፈበት ከተማ ከዚያ መንገድ ርቆ በተሠራ ሕንፃ ሥር ያለ ሱቅ የአዲስ አበባን ዋጋ ሊያወጣ አይችልም።

ፕሮግራሙ በክልል ከተሞች በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሲቋረጥ ከተሰጡት ምክንያቶች ሁለቱ የፍላጎት ማነስና የቅድሚያ ክፍያ አቅም ማጣት ነበሩ። “የፍላጎት ማነስ” የሚለው አገላለጽ ግን ሊያሳስት ይችላል። የቤት ፍላጎት አልጎደለም፤ የጎደለው በዚያ ዋጋ ለዚያ ዓይነት ቤት የነበረው ፍላጎት ነው። በትንሽ ከተማ የሚኖር ቤተሰብ አማራጭ አለው። በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ ቤት ከሲሚንቶና ከብረት ምሰሶ እጅግ ይረክሳል፤ በየዓመቱ አንድ ክፍል ሊጨመርበት ይችላል። ግቢው ከብት ያሳርፋል፤ እህል ያሰጣበታል፤ ከኋላ የሚሠራው ሰርቪስ ቤት ለመምህር ወይም ለሠራተኛ ተከራይቶ ገቢ ያስገኛል። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የሚከራዩትን ክፍሎች ያየ ሰው የዚህን ገቢ ጥቅም ለመገመት አይቸገርም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት እነዚህን ሁሉ ያስቀራል።

ብድሩም የራሱ ሒሳብ አለው። ለማስረዳት ያህል 500,000 ብር ተበድሮ በ20 ዓመት በእኩል ወርሃዊ ክፍያ የሚመልስ ቤተሰብ ይታሰብ። ዓመታዊው ወለድ 9.5 በመቶ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው 4,660 ብር ያህል ነው፤ ወለዱ 16 በመቶ ሲሆን ወደ 6,960 ብር ይወጣል። በሁለተኛው ሁኔታ ቤተሰቡ በመጨረሻ የሚከፍለው ከተበደረው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። የደመወዝ ጭማሪ ከዋጋ ንረት ኋላ በሚጎተትበት አገር ይህን ልዩነት መሸከም የሚችለው ቋሚ ገቢ ካላቸው መካከል እንኳ ጥቂቱ ነው። በዕቁብ፣ በዘመድ ብድርና በእህል ሽያጭ እየተደገፈ ቀስ በቀስ የሚሠራው ቤት ከባንክ ውጭ የቀረው ባለቤቱ ቁጠባን ስለማያውቅ አይደለም፤ ወለድ የማይወልድ ገንዘብ ስለሆነ ነው።

ብድሩ ሲቀር የሚቀረው መሬት ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ የሚሰጥባቸውን ሁለት መንገዶች ይደነግጋል፦ ጨረታና ምደባ። የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ በጨረታ ያሸነፈ ሰው ከጠቅላላ የሊዝ ዋጋው ቢያንስ 10 በመቶውን በቅድሚያ ይከፍላል። የመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራሞችና በመንግሥት የተፈቀዱ የራስ አገዝ ግንባታዎች በምደባ ይስተናገዳሉ፤ በየከተማው የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ማኅበራት ተስፋቸውን የሚጥሉት በዚህ በር ላይ ነው። አዋጁ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ መሠረተ ልማት የሚደርሰው እንዲሆን ይጠይቃል። በምደባ የተሰጠ ቦታ ላይ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ችካል ነው፤ መንገዱና የውኃ መስመሩ ይከተላሉ። በመካከሉ ያለው የዓመታት ልዩነት የቤቱ ዋጋ አካል ቢሆንም በየትኛውም የውል ወረቀት ላይ አይጻፍም። ለመንገድ፣ ለውኃና ለመብራት ማስገቢያ 100,000 ብር በባለ ይዞታው ላይ ቢጨመርና በላይኛው የ16 በመቶ ብድር ቢሸፈን በወር ወደ 1,390 ብር ይጨምራል። “ነፃ ቦታ” ማለት ለማኅበሩ አባል የዚህን ያህል ውድ ሊሆን ይችላል።

የመሬቱ ሌላው ወጪ የሚታየው ከከተማው ክልል ወሰን ላይ ነው። በከተማ ፕላን ሥራ የተለመደው መመዘኛ መሬቱን ለመንገድ 30፣ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ 30፣ ለግንባታ 40 በመቶ አድርጎ ይከፍላል። በዚህ ስሌት ከአንድ ሄክታር 4,000 ካሬ ሜትር ለግንባታ ይገኛል፤ ይህም ባለ 200 ካሬ ሜትር 20 ቦታዎች ማለት ነው። ለ1,000 አባወራ ቦታ ለማዘጋጀት 50 ሄክታር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ገበሬ አንድ ሄክታር ቢኖረው ሃምሳ ቤተሰብ ከእርሻው ይነሣል ማለት ነው፤ አንዱ ቤት ሲያገኝ ሌላው ማሳ ያጣል።

ምዕራብ ሸዋ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጊንጪ የጀመረ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቷል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ቢሆንም የገበሬው መነሣት ከመካከሉ ዋነኛው ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዘላቂነት ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ ከፍ አድርጓል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ስሌቱ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ሲባዛ ነበር፤ አሁን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት ይባዛል። ፍትሐዊነቱ አያጠያይቅም። ለትንሽ ከተማ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ትናንት በርካሽ ይወሰድ የነበረው መሬት ዛሬ ከከተማው ካዝና የሚወጣ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ካዝናው ደግሞ የሚሞላው በአብዛኛው ከዚያው መሬት በሚገኝ የሊዝ ገቢ ነው። ለካሳ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ቦታ በጨረታ መሸጥ፣ ለምደባ የሚቀረውን መቀነስ ይጠይቃል። የዕቅዱ እውነተኛ ቋጠሮ እዚህ ላይ ይመስላል።

መሠረተ ልማቱን በተመለከተ የውጭ ድጋፍ ነበር፣ አለም። በዓለም ባንክ የሚደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮግራም በ2000 ዓ.ም. በ19 ከተሞች ተጀምሮ በ2006 ዓ.ም. ወደ 44፣ በ2010 ዓ.ም. ወደ 117 ከተሞች አድጓል። ገንዘቡ ቤት አይሠራም፤ ኮብልስቶን፣ ድልድይና የጎርፍ መውረጃ ይሠራል፤ ለመኖሪያ የሚሆን ቦታ ማዘጋጀትም ከሚፈቀዱት ሥራዎች አንዱ ነው። በሌላ አገር ይህ መንገድ ራሱን የቻለ የቤት ፖሊሲ ሆኖ ነበር። በዳካር ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ፣ በሉሳካ ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ ባንኩ የደገፋቸው ፕሮጀክቶች መንገድና ውኃ የገባለት ቦታ አቅርበው ግድግዳውን ለነዋሪው ተዉለት። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነዋሪው ግድግዳውን ማቆም ያውቅበታል፤ የሚያስፈልገው ካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅዱና የቦታ ምደባው ዝርዝር በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘታቸው ነው። ብዙ ጊዜ አንዱን የሚያዘጋጀው ክፍል ሌላውን አያየውም፤ ኮብልስቶኑ በነባሩ ሰፈር ሲነጠፍ የማኅበሩ አባላት በአዲሱ ሰፈር በክረምት ጭቃ ውስጥ ድንጋይ ያጓጉዛሉ።

ከምደባው ዝርዝር ውጭ የቀረው ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። አንዱ ከገበሬ በውል ወረቀት ብቻ ቦታ ገዝቶ የጨረቃ ቤት መሥራት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት ስለማይሸጥ ገዢው ሰነድ የለውም፤ ሻጩም ሕጋዊ የካሳ መብቱን በእጁ ያጠፋል። ሁለተኛው መከራየት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪውም በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰን መጠን እንዲገደብ ደንግጓል። አዋጁ የተጻፈው ኪራይ የሚያስተዳድር ባለ ቤት ታስቦ ነው። በአምቦ ግን አከራዩ ብዙ ጊዜ በግቢው ጀርባ ሁለት ክፍል ያለው፣ በዚያው ኪራይ የዋናውን ቤት ጣሪያ የሚያድስ አባወራ ነው። የእርሱ ገቢ ሲገታ የሚቀጥለው ክፍል ሳይሠራ ይቀራል፤ ተከራዩ መምህርም የሚጠብቀው ያንኑ ክፍል ነው።