የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ተመራማሪ ነው



የዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራው ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «መጽሐፍ ማዋስና ጸጥታ ማስከበር» ብለን እንመልሳለን። ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ዛሬም ድረስ የሚሠራበት ጥናት ጽፈው ያለፉ አሉ። ታዲያ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሳይጽፍ ጡረታ የሚወጣው ለምንድን ነው? ስንፍና ነው ብለን ከመደምደማችን በፊት ምክንያቶቹን እንመልከት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ከሥራው የሚወለድ ጥያቄ ነው። ሕንዳዊው ራንጋናታን በማድራስ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በ1924 የማድራስ ዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሲሆኑ ሥራው ሰልችቷቸው ወደ ማስተማሩ ሊመለሱ ፈልገው ነበር። ለትምህርት ለንደን ሄደው ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሲጎበኙ ግን አሳባቸው ተለወጠ። መጻሕፍት በየዓይነታቸው የሚመደቡበት ስልት አላረካቸውም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ እየተፈታ የሚገጣጠም የልጆች መጫወቻ አዩና የመጽሐፍም ርእስ እንደዚሁ ከክፍልፋዮች ሊገጣጠም እንደሚችል ታያቸው። በ1931 አምስቱን የቤተ መጻሕፍት ሕግጋት፣ በ1933 ደግሞ ኮሎን የተባለውን የአመዳደብ ስልት አሳተሙ። ጥያቄው የመጣው እኮ ከመደርደሪያው ነው!

ሁለተኛው የምርምር ዘዴን ማወቅ ነው። በትምህርታቸው የኬሚስትሪ ሰው የነበሩት ብራድፎርድ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። ያደረጉት ነገር ሲታይ ቀላል ነው፤ ቆጠሩ። የመሬትን ውስጥ በፊዚክስ ዘዴ ስለ መመርመር የወጡትን ጽሑፎች ቢቆጥሩ 9 መጽሔቶች ብቻ 429 ጽሑፎች ይዘው ተገኙ። የሚቀጥሉትን 499 ጽሑፎች ለማግኘት 59 መጽሔቶች፣ የመጨረሻዎቹን 404 ለማግኘት ደግሞ 258 መጽሔቶች ማገላበጥ አስፈለገ። በ1934 የታተመው ይህ ግኝት የብራድፎርድ ሕግ ይባላል። ገንዘብ ያጠረው ቤተ መጻሕፍት የትኞቹን መጽሔቶች ማስቀደም እንዳለበት ያመለክታል።

ሦስተኛው በእጅ ያለውን ሀብት ማወቅ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት በ1956 ወደ አገራችን መጥተው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ፤ በኋላም በአዲስ አበባ የዩኒቨርስቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ። በ1973 ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ጥናት አሳትመዋል። ከ1868ቱ የመቅደላ ጦርነት በኋላ የብራና መጻሕፍቱ ወዴት ወዴት እንደ ተበተኑ ለመከታተል ካታሎግ ማንበብን እንደ ዳቦ የለመደ ሰው ያስፈልጋል። ይኸ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሰው ሙያ ነው።

አራተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው፣ ጊዜና ማዕረግ ነው። መምህር ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ፣ ክረምትም ሲገባ ለመጻፍ ፋታ ያገኛል። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ ክረምት ከበጋ አንባቢ ያስተናግዳል። በአሜሪካ ይኸው ክርክር ለብዙ ዓመታት ቆይቶ፣ በ1971 የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባለሙያዎቹ የመምህራን ማዕረግና የምርምር ፈቃድ እንዲያገኙ የሚጠይቅ መመሪያ አጸደቀ። ሁሉም ዩኒቨርስቲ ግን አልተቀበለውም። ማዕረግ ሰጥቶ ጊዜ መንፈግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰውዬው ለዕድገት ጻፍ ይባላል፣ ከጠረጴዛው ግን አትነሣ ይባላል። በዚህ ዓይነት ምን ሊጽፍ ይችላል?

አምስተኛው የሥራ ባልደረባ ነው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ወረፋውን ቢሸፍንለት፣ ረቂቁን ቢያነብለት፣ ሥራው ይፈጥናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ምርምር የተሰጥዎ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄ፣ ዘዴ፣ ጊዜና አጋዥ ሲገናኙ የሚበቅል ነው። ለእኛ ለዕጩ መምህራንም ትርጉም አለው። ነገ ከመካከላችን የአንዱ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ቁልፍ የሚሰጠው ይኖራል። ያን ጊዜ አንድ ደብተር ይዞ ተማሪዎች ምን ጠይቀው እንዳጡ፣ የትኛው መጽሐፍ አቧራ እንደ ጠጣ ቢመዘግብ የጥናት መነሻ አገኘ ማለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።