የገበሬው ጎተራ በተማሪው መለኪያ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ በሐረጎ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አየሩ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ይለወጣል። በቆላማውና በወይና ደጋው አካባቢ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ነቀዝን አሳምሮ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን እህል በክረምት ጎተራውን ሲከፍት ተበስቶና ዱቄት ሆኖ የሚያገኘው ጥቂት አይደለም።

ይኸው ገበሬ ለልጁ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየቋጠረ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ልጁ የሲሊንደርን ይዘት ማስላት ይማራል። ሆኖም ስሌቱና የአባቱ ጎተራ ሳይገናኙ ይቀራሉ። እጅንና አእምሮን አጣምሮ የሚያሠራ ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው ሁለገብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ግብርና፣ የእጅ ሥራ፣ የቤት አያያዝና የንግድ ሥራ ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትም በሁለገብነቱ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ በዚሁ ስም የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለብቻው ሲያደራጅ፣ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ለሙያና ቴክኒክ በመደበኛው ትምህርት ውስጥ እንደገና ቦታ ሰጥቶታል።

ከችግር ወደ ንድፍ

የዚህ ትምህርት አካሄድ ችግሩን መለየት፣ መለካት፣ መንደፍ፣ መሥራትና መፈተን ነው። ለምሳሌ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ወርዱ 80፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ የቆርቆሮ ጎተራ 600 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህም ወደ 4 ኩንታል ተኩል ማሽላ ነው። ዙሪያው 2 ሜትር ከ51 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ተማሪው ለመደራረቢያ ጥቂት ጨምሮ ቆርቆሮውን ይቆርጣል። ሒሳቡን ከሳተ ቆርቆሮው ይባክናል፤ ስለዚህ መለኪያውን ደጋግሞ ያያል።

ጎተራው አየር ካላስገባ በውስጡ ያለው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። ይህ የሚሆነው ግን እህሉ በሚገባ የደረቀ እንደሆነ ነው፤ እርጥብ እህል ታፍኖ ይሻግታል። ጎተራው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ በእንጨት ርብራብ ላይ መቀመጥ አለበት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ግን ታጥቦም ቢሆን ለእህል ፈጽሞ ሊውል አይገባም።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሁለቱ ከተሞች የትምህርት ተቋማት ላይ ጉዳት ደርሷል። ቢሆንም በሜትር፣ በመቀስና በመዶሻ የሚጀመር ሥራ ትልቅ መኪና መጠበቅ የለበትም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በወላጆች ስብሰባ ላይ የልጆችን ውጤት ከመጠየቅ አልፈው የጎተራውን፣ የማረሻውንና የውኃ መቅጃውን ችግር ለመምህራን ቢያቀርቡ፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩትን የአካባቢውን ባለሙያዎች ሙያቸውን ሳይንቁ በአስተማሪነት ቢጋብዙ፣ ሴት ልጆችም መዶሻውን እንዲይዙ ቢያበረታቱ ትምህርቱ ሥር ይሰዳል። በኮምቦልቻ የሚገኘውን የግብርና ሜካናይዜሽንና የምግብ ሳይንስ ምርምር ማዕከል ምክር መጠየቅም ይቻላል።

ተማሪው የሠራው ጎተራ የመጨረሻ ፈተናውን የሚቀበለው ከክፍል ውስጥ ሳይሆን ከገበሬው ጓሮ ነው። ከወራት በኋላ ክዳኑ ሲነሳ እህሉ ደህና ከሆነ አልፏል፤ ነቅዞ ከተገኘም የት እንደተሳሳተ ፈልጎ ያርማል።