«እንቦጭ ቤትህ አስገባህ እንዴ?» እውነት ወይስ ተረት?

ዓርብ ዓርብ ከገበያ የሚመለስ ዘመድ ቤቴ ጎራ ሲል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው መስኮቱ አጠገብ ባለችው የመስታወት ዓሣ ገንዳ ላይ ነው። ዓሦቹን አይቶ ፈገግ ይላል፤ ከጠጠሩ ተነሥቶ ሽቅብ የሚያድገውን አረንጓዴ ተክል ሲያይ ግን ፊቱ ይለወጣል። በከተማችን በአርብ ገበያ የውሃ ተክል ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ያ የጣና ሐይቅ መዓት፣ እንቦጭ ነው። እኔም ቡና እስኪፈላ ድረስ መልስ ስሰጥ እቆያለሁ።

«እንቦጭ ቤትህ አስገባህ እንዴ?»

ተረት ነው። የሚናቅ ተረት ግን አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ። እንቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ቅጠሉ ከውሃው በላይ፣ ሥሩ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የእኔው ሃይግሮፊላ ይባላል። ሥሩን ጠጠር ውስጥ ይሰድዳል፤ አገዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በየአንጓው ጥንድ ጥንድ ቅጠል ያወጣል።

«ሌሊት አየሩን ተሻምቶ ዓሦቹን ያፍናቸዋል።»

ግማሹ እውነት ነው። ብርሃን ሲጠፋ ተክሉም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ቀን የሚሰጠው ግን ሌሊት ከሚወስደው ይበልጣል፤ መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሞተር በጠራራ ቀን ሲቆም ባለውለታው እሱ ነው። ዓሦቻችሁ ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ተክሉን ከመውቀሳችሁ በፊት ዓሦቹን ቁጠሩ። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። የበሰበሰ የምግብ ትራፊ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

«ለምን ፍግ፣ ካልሆነም ዩሪያ ጣል አታደርግበትም?»

እባካችሁ! ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ ይህ ገዳይ ነው። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ፍግም ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ውሃውንም በአልጌ ያጠቁረዋል። ማሳ ላይ ያልተበላው ማዳበሪያ በዝናብ ይታጠባል፤ እዚህ ግን የመስታወት ግድግዳ ነው፣ መውጫ የለውም። ደግሞስ ገበሬው ዓሣው ራሱ አይደለም እንዴ? ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ለተክሉ ቀለቡ ነው፤ በሥሩ ብቻ ሳይሆን በቅጠሉም ይመጠዋል። ብርሃኑም እንደዚሁ ነው፤ ሲበዛ የሚወፍረው አልጌው ነው። ተክሉን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ብርሃን ይበቃዋል። የቀጥታ ፀሐይ ግን አይድረስበት።

«ይኸው፣ ቅጠሉ ረገፈ። ሞቷል።»

ብዙዎቹ የዓሣ ገንዳ ተክሎች ለሽያጭ የሚያድጉት ሥራቸው ብቻ ረጥቦ፣ ቅጠላቸው አየር ላይ ሆኖ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ያ የአየር ቅጠል አይሆናቸውም፤ ይሟሟል፣ ይረግፋል። አገዳው ጠንካራ ከሆነ ተዉት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስስና ለስላሳ የውሃ ቅጠል ያበቅላል።

ይህን ሰምቼ ነበር እኔም የታለልኩት። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ «ቀርከሃ» ተብሎ የተሸጠልኝን አገዳ እስከ ጫፉ ውሃ ውስጥ ቀበርኩት፤ ቅጠሉ ሲረግፍ «ይለምዳል» እያልኩ ጠበቅኩ። ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ሸተተ። ለካ ቀርከሃ አይደለም፤ በየቢሮው ብርጭቆ ውስጥ የሚቆመው ድራሲና ነው፤ የመካከለኛው አፍሪካ የየብስ ተክል። እግሩን ውሃ ውስጥ ማቆየት ይችላል፤ ቅጠሉ ግን አየር ይፈልጋል።

«ቀረሶ ብታስገባበት ምን አለበት? ዓሣ ቅጠል አይበላም።»

ይበላል። ያልበላውንም ጠጠሩን እየቆፈረ ይነቅለዋል።

«አናቱን በመቀስ ቆረጥከው፤ አለቀለት።»

ሸንኮራና ስኳር ድንች ተክሎ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ማለት አልነበረበትም። አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ተክል ነው። አናቱን ከአንጓው ሥር ቆርጣችሁ ጠጠር ውስጥ ስትሰኩት ሥር ይሰድዳል፤ የተረፈው ጉቶም በጎንና በጎን ሁለት ቀንበጥ ያወጣል። ካልቆረጣችሁት ውሃው ወለል ላይ ደርሶ ይተኛና ለታችኛው ቅጠል ብርሃን ይከለክላል።

አሁን ወደ እንቦጩ ልመለስ፤ ዘመዶቼ ስሙን ሳቱ እንጂ ፍርሃቱን አልሳቱም። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ለአበባው ውበት በየኩሬው ሲተከል ነው። በእኛ አገር በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ። የእኔው ሃይግሮፊላም ንጹሕ ታሪክ የለውም፤ ከእስያ በዓሣ ገንዳ ነጋዴዎች አሜሪካ ገብቶ የፍሎሪዳን ቦዮች ዘግቷል፤ በአሜሪካ ሕግም ከአደገኛ አረሞች ተርታ ተመዝግቧል። የሚስፋፋው በዘር አይደለም ማለት ይቻላል፤ ተቆርጦ በሄደ አገዳ ነው። እኔ በመቀስ የማደርገውን እዚያ ጅረቱ ያደርገዋል።

የእኛ ጅረት ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። ከእኛው ወረዳ ከታች ጋይንት የሚወርደው በሽሎ ወንዝ ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በቀጥታ ጣና ይገባሉ። ስለዚህ ገንዳ ያላችሁ ሁሉ፣ ቁርጥራጩንም ሆነ የምትቀይሩትን ውሃ ወደ ወንዝ አትድፉ። ውሃውን ለጓሮ ጎመን አጠጡት። ቁርጥራጩን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ክው ብሎ ሲደርቅ ቅበሩት።