«ወፍ የትም ይኖራል»፦ ከቦሬ ቁልቁል የሚነገሩ ተረቶችና የጥናቱ እውነታ

ከቦሬ ደጋ ተነስቶ በአዶላና በዋደራ አድርጎ ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ሦስት አገር ያያል። ጠዋት እንሰት፣ ቀርከሃና ጭጋግ፤ ከዚያ የአንፈራራ ደን፤ ማምሻውን ደግሞ ግራር፣ ቀይ አፈርና ግመል። ጋቢው እየቀለለ ሲሄድ ወፉም አብሮ ይለወጣል። ስለ ወፍ የሚወራው ግን ከላይ እስከ ታች ያው ነው። ክንፍ አለው፣ እዚህ ሲከፋው እዚያ ይሄዳል፣ አያልቅም ይባላል። ተመራማሪዎች በእነዚህ ቆላዎች ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተው ያገኙት የዚህን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ክንፍ ያለው አይቸገርም፤ ይሄዳል»

ከነገሌ ወጥቶ የፊልቱን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ ግራሩ ይከፈትለትና የሊበን ሜዳ ይዘረጋለታል። ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሣር ነው። በዚህ ሣር ውስጥ በመጠን ከድንቢጥ እምብዛም የማትለይ ቡናማ ወፍ ትኖራለች። የሊበን ላርክ ይሏታል፤ በቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም ሲዳሞ ላርክ ስትባልም ቆይታለች። ላባዋ የደረቀ ሣር መልክ ስላለው ካልተንቀሳቀሰች እግርዎ ሥር ሆናም አያዩአትም። በመራቢያው ወቅት ወንዱ ከሣሩ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያው አየር ላይ እየተንሳፈፈ ይዘምርና ተመልሶ ሣሩ ውስጥ ይሰወራል። ሰው የሚያየው ያኔ ነው። በሳይንስ ዘንድ የታወቀችውም ዘግይታ ነው። የመጀመሪያዋ ናሙና በ1968፣ ሁለተኛዋ በ1974 ከነገሌ አካባቢ ተይዘው፣ ስም የተሰጣት በ1975 ነው።

ታዲያ ሜዳው ሲበላሽባት ለምን ተነስታ አትሄድም? ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ነው። የኋላ ጥፍሯ ረጅም ነው፤ አብዛኛውን ኑሮዋን የምትገፋውም በእግሯ ሣር ለሣር እየተሽሎከሎከች ነው። ቁጥቋጦና ዛፍ ያለበትን ትሸሻለች። የሊበንን ሜዳ ዙሪያውን የከበበው ደግሞ ግራርና ቁጥቋጦ ነው። የቅርብ ዘመዷ በደቡብ አፍሪካ ደጋማ የሣር ሜዳ ትኖራለች፤ እሷም እንዲሁ ከሣር ውጭ ኑሮ የላትም። የሊበኗ ክንፏ ከሜዳው ያወጣት ይሆናል፤ የምትደርስበት ሌላ ሜዳ ግን በቅርብ የለም። በ2009 የወጣ ጥናት ይህች ወፍ በዋናው የአፍሪካ ምድር፣ ማለትም ደሴቶቹን ሳይጨምር፣ በታወቀ ታሪክ የመጀመሪያዋ የጠፋች ወፍ ልትሆን ትችላለች ብሎ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብታለች።

«ማን ቆጠረውና ነው አለቀ የሚሉት?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን መልሱን ለመስማት ተብሎ አይጠየቅም። ወፍ እንደ በግ በረት አስገብቶ አይቆጠርም። ተመራማሪዎቹ በካርታ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ይይዛሉ፤ በመራቢያው ወቅት በእነዚያ መስመሮች ላይ በእግራቸው እየሄዱ የምትታየዋን፣ የሚዘምረውን፣ ከመስመሩ ያለውን ርቀት ይመዘግባሉ። አጠገብ ያለች ወፍ በቀላሉ ትታያለች፣ የራቀችው ታመልጣለች፤ ያመለጡት ስንት እንደሚሆኑ ከርቀቱ ተነስቶ በስሌት ይገመታል። በ2007 በሊበን ሜዳ የተደረገው ሥራ የሰጠው ግምት ከ90 እስከ 256 ወፍ ነው። የምትኖርበትም ስፋት ከ36 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በጎን 6 በ6 ኪሎ ሜትር የሆነች መሬት ማለት ነው።

«90 ወይስ 256? ራሳቸውም አያውቁም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አንዲት ቁጥር ብቻ ጠርቶ «ይኸው ነው» ከሚል ይልቅ የስህተቱን ወሰን አብሮ የሚናገርን ቆጣሪ አምናለሁ። ደግሞ ዋናው ቁም ነገር የአንዱ ዓመት ቁጥር አይደለም። እነዚያኑ መስመሮች እንደገና ሲመላለሱባቸው በ2009 ያገኙት ወፍ ከሁለት ዓመት በፊቱ በ40 በመቶ ያነሰ ነበር። ሣሩ ሳስቷል፣ ባዶው መሬት ሰፍቷል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከታዩት የሚበዙት ወንዶች መሆናቸው ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ካነሱ 90 ወፍ 45 ጥንድ አይሆንም፤ የሚራባው ከዚያ በብዙ ያንሳል።

እረኛው «ወፉ ሞልቷል» ሲል ሐሰት አልተናገረም። ሜዳው ላይ ሌሎች ቡናማ ወፎች አሉ፤ በሩቅ ላየ ሰው ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

«ጥፋቱ የከብቱ ነው፤ እሳትም የተፈጥሮ ጠላት ነው»

ከተማ ያለን ሰዎች የምንወድደው ተረት ይህ ነው። በሊበን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሜዳውን ሜዳ አድርገው ያቆዩት ከብትና እሳት ናቸው። ቦረናና ጉጂ ከዝናቡ በፊት አሮጌውን ሣር የማቃጠል ልማድ ነበራቸው። እሳቱ ቁጥቋጦውን ገና በለጋነቱ ይበላዋል፣ መዥገሩን ይጨርሰዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ለምለም ሣር ይወጣል። በ1970ዎቹ የደርግ መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። የክልከላው ሐሳብ መሬቱን ለመጠበቅ ነበር፤ ውጤቱ ግን እሾሃማው ቁጥቋጦ በግጦሹ ላይ መንሰራፋቱ ሆነ። የከብት አርቢውና የወፏ ኪሳራ አንድ ላይ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የመንቀሳቀሻ ቦታ ማጣት ነው። የቆላው አርብቶ አደር በዝናብ ጊዜ አንዱን፣ በበጋ ሌላውን ግጦሽ ይጠቀም ነበር፤ ሣሩም በየተራ ያርፋል። የሰፈራው መስፋፋት፣ የወሰን ግጭትና እርሻ መንገዱን ሲያጠቡበት ከብቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቆማል። ስለዚህ «ከብት በዛ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ያው ከብት ይዞር በነበረበት ዘመን ሣሩ ያገግም ነበር። ከ2020 እስከ 2022 «ገና» እና «ሀገያ» የሚባሉት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በቀሩ ጊዜ ቦረና ምን ያህል ከብት እንደቀበረ የማይረሳ ነው፤ ሣር የቀረበት መሬት ለወፏም ለላሟም አንድ ነው።

ሦስተኛው ማረሻ ነው። የሊበን ሜዳ ለጥ ያለ ስለሆነ ለእርሻ ያጓጓል። ግጦሽ የበዛበት ሜዳ ቢያርፍ ይመለሳል፤ የታረሰ ሣር ግን በቀላሉ አይመለስም። ወፏን በአንድ ጊዜ የሚያስወጣት ይሄ ነው።

«በዓለም የለችም፤ የእኛ ብቻ ናት»

ይህ እንኳ ተረት ሳይሆን በቅርቡ የተሻረ እውቀት ነው። ከ1918 እስከ 1922 ባሉት ዓመታት በዛሬዋ ሶማሌላንድ ተመሳሳይ ላርክ ተይዛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደብዛዋ ጠፋ። በኋላ ጅጅጋ አካባቢ ጥቂት ላርኮች ተገኙ። የሙዚየም ናሙናዎች ዘረመል፣ የሰውነት ልክና ዝማሬ ተነጻጽሮ በ2013 የወጣው ውጤት የሊበኗ፣ የጅጅጋዋና የጠፋችው የሶማሌላንዷ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። ቀድሞ የተሰጠው ስም ስለሚጸና የሲዳሞ ስሟ ከሳይንሱ መዝገብ ወጣ። ሁለት ቦታ መገኘቷ ትንሽ ያስተነፍሳል። ይሁን እንጂ የጅጅጋውም ሜዳ እየታረሰና እየተጋጠ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የሣር መንገድም የለም።

«ቁራ ምን ይሆናል?»

በቦረና ምድር በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል ያለው ቁራ ግን እንደ ሌላው ቁራ አይደለም። ግራጫ ነው፤ ክንፉና ጭራው ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ባዶ ቆዳ ደማቅ ሰማያዊ። ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1938 ለሳይንስ አስተዋወቀው። በቡድን እየሄደ የከብት እበት ይገለብጣል፣ ከሥሩ ያለውን ነፍሳት ይለቅማል፤ ግራር ላይ ከጭራሮ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ ይሠራል። ከመንደርና ከከብት አይሸሽም፤ እንዲያውም ይፈልጋቸዋል።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ያልተፈታው እንቆቅልሽ ይህ ነበር። ሰው ያለበትን የሚወድ፣ ብዙ ነገር የሚበላ፣ መብረር የሚችል ወፍ ከያቤሎ ዙሪያ የማይወጣው ለምንድን ነው? ተራራ አላገደውም፣ ወንዝ አላገደውም፣ ግራሩም ከዚያ ወዲያ ይቀጥላል። በ2012 የወጣው ጥናት መልሱን በቴርሞሜትር አገኘው። ወፉ የሚኖርበት አካባቢ አማካይ የዓመት ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ ይሞቃል። የማይታይ አጥር ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው የመስክ ሥራ የወፉን ጠባይ እየተከታተለ ጠጋ ብሎ አየው። ፀሐይ ሲበረታ ቁራው ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል፣ ምግቡን ትቶ ጥላ ይገባል። እዚያው አጠገቡ የሚለቅሙ ሁለት የስታርሊንግ ዝርያዎች ሙቀቱን የተሻለ ይችሉታል፤ እነሱም በሰፊው የአፍሪካ ቀንድ የሚኖሩ ናቸው። በ2021 የታተመ ትንበያ እንዳስቀመጠው የአየር ንብረቱ በያዘው አኳኋን ከቀጠለ ይህ ቁራ እስከ 2070 ከሚመቸው ምድር እስከ 90 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ቁራ ነውና ይለምደዋል የሚል ሰው ይህን ቁጥር ያስተውል።

በዚያው አካባቢ ነጭ ጭራ ያለው፣ ነፍሳትን አየር ላይ እየቀለበ የሚበላ ስዋሎ አለ። በሜጋ ስም ይጠራል። በቦረና ጎጆ ቤት ጣሪያ ሥር ሲራባ ተገኝቷል። እሱንም የሚያሰጋው ያው ሙቀት ነው።

«ብርቅዬ ወፍ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነው»

ጣሊያናዊው መስፍን ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ናሙናዎች መካከል አረንጓዴ ላባና ነጭ ጉትዬ ያለው፣ ቱራኮ የሚባል ወፍ ነበረ፤ የት እንደተያዘ የሚናገር ምልክት ግን አልነበረውም። በ1896 በሟቹ ስም ተሰየመ። አገሩ የት እንደሆነ ሳይታወቅም እስከ 1940ዎቹ ቆየ፤ ያኔ ነው አሬሮ አካባቢ የተገኘው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ወፉን በነገሌና በገናሌ ዙሪያም አገኙት፤ በደን ዳርና ፍሬ በሚያፈሩ የወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ጭምር። ስለዚህ እርሻው መሃል የቀረች አንዲት ሾላ ከንቱ አይደለችም።

«ከልሎ ጠባቂ ማቆም ይበቃል»

የያቤሎ የዱር እንስሳት መጠለያ የተከለለው ዋነኛ ምክንያት የስዌይን ቆርኬ ነበር። ዛሬ በዚያ ቆርኬው የለም። ካርታ ላይ የተሠመረ ወሰን ብቻውን እንስሳ እንደማያቆይ ከዚህ የቀረበ ምስክር አልፈልግም። የሊበን ሜዳ ደግሞ በከብት የሚተዳደር ሕዝብ ዋና ግጦሽ ነው፤ ሕዝቡን አስወጥቶ ለወፍ መከለል አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ ከብት ጨርሶ የማይገባበት ሜዳ ሣሩ ከልክ በላይ ያድግና ቁጥቋጦው ይከተላል።

የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከማኅበረሰቡና ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። በቆላው ካሎ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ ለጥጆችና ለደካማ ከብት ተብሎ በእሾህ አጥር የሚከለል ሣር ነው። በሊበን ሜዳ ይህንኑ ካሎ በሰፊው ከልለው፣ ቁጥቋጦውን መንጥረው ሣሩ እንዲያገግም አደረጉ። ባለከብቱ ለበጋ የሚያጭደው ወይም የሚያስግጠው ያገኛል፤ ወፏ ደግሞ ጎጆዋን የምትደብቅበት። ሆኖም ላርኳ የምትሻው መካከለኛ ቁመት ያለው ሣር ነው። ባዶ መሬትም አይሆናትም፣ እስከ ሰው ጉልበት የሚደርስ የታፈነ ሣርም አይመቻትም። ስለዚህ ካሎው መከለሉ ብቻ ሳይሆን የሚከፈትበት ጊዜም ይወስናል፤ ጫጩቶቹ ሳይወጡ ከተከፈተ ጎጆው በኮቴ ይረገጣል፣ ከዘገየ ሣሩ ያረጃል። ይህን ቀን የሚቆርጡት የሜዳው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ተመራማሪዎቹ ጎጆዎቹን በጊዜ ቆጥረው ሊያቀርቡላቸው ይችላሉ፤ በሩን የሚከፍቱት ግን እነሱ ናቸው።