የቤት ውሻ የዱር ዘመድ፤ ቀይ ቀበሮ

አንድን እንስሳ ለማያውቀው አንባቢ ስትገልጹ የዘሩን ምንጭ፥ መልኩንና ጠባዩን በቅደም ተከተል ማስረዳት ይገባችኋል። የሚከተለው ገላጭ ድርሰት በዚሁ መንገድ በመንዝ፥ በጓሳ አምባ ስለሚኖረው ቀይ ቀበሮ ያስረዳል።

ቀይ ቀበሮ በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ይበልጥ የሚቀርበው ለተኩላና ለቤት ውሻ ነው። ሊቃውንት እንደሚገምቱት የጥንት ወላጆቹ ከ100,000 ዓመታት ገደማ በፊት ከእስያና ከአውሮፓ ምድር የመጡ፥ ተኩላ መሰል እንስሳት ናቸው። ዘሮቻቸው በኢትዮጵያ ደጋ ሲኖሩ ለብርዱና ለሣር ሜዳው የሚስማማ ጠባይ ይዘዋል። ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 አይበልጡም።

ጠጉሩ ቀይ፥ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፥ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። እግሩ ረጅም ነው፤ ቀጭንና ሾጣጣ አፉም አይጥን ከጉድጓድ ለመያዝ ያገለግለዋል። የሚኖረው በመንጋ ነው፤ አይጥ የሚያድነው ግን ለብቻው ነው። በመንጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እንስት ስትሆን፥ ሌሎቹ ቡችሎቹን በመመገብና በመጠበቅ ይረዷታል። በጓሳ በጭላዳዎች መካከል እየተዘዋወረም ያድናል። በዚያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ ከጭላዳዎች ጋር ሲሆን ከ100 ሙከራዎቹ 67 ያህሉ ሲሳኩለት፥ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳኩለት 25 ያህሉ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ከውሻ ጋር ያለው ዝምድና ለቀይ ቀበሮ በጎ ነገር ብቻ አላመጣለትም። የእብድ ውሻ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋልና። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ በገባበት ስፍራ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ አልቀዋል። ሥርጭቱ ሊገታ የቻለው በአቅራቢያው የነበሩትን በመክተብ ነው።

የመንዝ ሰዎች ጓሳን ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ እስኪያገግም ድረስ አምባው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ በዚህም የቤት ክዳን ሣሩ ብቻ ሳይሆን አይጦቹና ቀይ ቀበሮውም ተጠብቀዋል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ጓሳን በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር መልሶ አቋቁሞታል። ሆኖም ሣሩን መጠበቅ ብቻውን በሽታን አይከለክልም። እረኛውን ተከትሎ ወደ ጓሳ የሚወጣ ውሻ ካልተከተበ ለባለቤቱም፥ ለበጎቹም፥ ለዱር ዘመዱም አደጋ ነው። ስለዚህ በግ ጠባቂ ውሻውን የሚያስከትብ ገበሬ ቤተሰቡንና ከብቱን ሲያድን፥ ሌላ አገር የሌለውን እንስሳ ከጥፋት ይታደጋል።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ እንስሳ መርጣችሁ ዘሩን፥ መልኩንና ጠባዩን በሦስት አንቀጽ ግለጹ፤ በመጨረሻም ሰው ለእርሱ ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።